ዛሩን ማን ጠየቀው?

ሊማሊሞን ቁልቁል ጨርሶ ዛሪማ የደረሰ ሹፌር ለመደንገጥ ገንዘብ አይከፍልም። ጉሙ መንገዱን ውጦት፣ ገደሉ በየትኛው ጎማ በኩል እንደሆነ ጠፍቶት፣ አስፈሪውን ፊልም በነጻ አይቶ ነው የወረደው። ስለዚህ ቡናው እስኪፈላ በስልክ የሚከፈት የፈረንጅ ፊልም እዚያ ከባድ ዳኛ ይገጥመዋል።

ለምሳሌ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው የካናዳ ፊልም፣ «ግሬቭ ኢንካውንተርስ»። ላንስ ፕሬስተን የተባለ የሪያሊቲ ሾው አቅራቢ ካሜራ አስይዞ ወደተዘጋ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ይገባል። በመንፈስ አያምንም፤ እንጀራው ግን መንፈስ ነው። አትክልተኛውን ገንዘብ አስጨብጦ «አዎ፣ አይቻለሁ» ያስብለዋል። መናፍስት አነጋጋሪ ብሎ ያመጣውም ሰው አስመሳይ ነው። ሲነጋ ሊከፈትላቸው ተስማምተው ከውጭ ይቆለፍባቸዋል። አይነጋም። የመውጫውን በር ሰብረው ሲያልፉ የሚያገኙት ሌላ ኮሪደር ነው።

ዳኛው እዚህ ላይ ይናደዳል። ሌሊቱን «አለህ ወይ? ድምፅህን አሰማን» እያሉ ሲጣሩ ያመሹ ሰዎች፣ ሲመጣላቸው ጥለውት ይሮጣሉ። እንግዳ ጠርቶ በጓሮ መውጣት! ቆሞ የሚፈልገውን ጠይቆ መደራደር የለም።

በጎንደር ግን ዛር መጣ ማለት ድርድር ተጀመረ ማለት ነው። በፉከራ ስሙን ይናገራል፣ የያዘውን ሰው ፈረሴ ይላል፣ ከዚያ ዝርዝሩን ያወጣል፦ ቡና፣ ሽቶ፣ መልኩ እንዲህ የሆነ በግ። የበጉ መልክ ከተሳሳተ ጣጣ ነው። ጠበል ቦታም ቢሆን ካህኑ መስቀሉን ይዞ ምርመራ ይገባል፤ ማን ነህ፣ የት ያዝካት፣ መቼ ትለቃለህ። ላንስ ዛሪማ ቢቀርጽ ኖሮ ፊልሙ ሩብ ሰዓት አይሞላም ነበር።

ቢቢሲ በ1992 እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን የመንፈስ ድራማውን «ጎስትዋች»ን እውነተኛ የቀጥታ ስርጭት አስመስሎ አቅርቦ 11 ሚሊዮን ያህል ተመልካች አስደንግጧል። ጎንደር ከዚያ 60 ዓመት ቀድማለች፤ ያውም ያለ ተዋናይ። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የሚመራው፣ ዳካር–ጅቡቲ የተባለው የፈረንሳይ የጥናት ልዑክ ከተማዋ ውስጥ ወራት ተቀመጠ። ከአባላቱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ፣ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት፣ መልካም አየሁ ከተባሉት ባለዛር ዘንድ ይመላለስ ጀመር። ሊመዘግብ ነበር የሄደው። ዛሮቹ ግን ጽሑፍ አይበሉም፤ ለመሥዋዕቱ እንስሳ የሚከፍለው እሱ ሆነ። ሰውየው በመልካም አየሁ ልጅ በእማዋይሽ ፍቅር ወደቀ፤ በማስታወሻውም ደብተር ይዞ ዳር መቀመጡ እንዳንገሸገሸውና ራሱ ቢያዝ እንደሚመኝ አሰፈረ። በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጎንደርን ዛር ከተውኔት ጋር አዛምዶ ተነተነው። ተመልካች ነኝ ብሎ ገብቶ መድረክ ላይ ለተገኘ ሰው ይህ ትንተና አይበዛበትም።

በካናዳው ፊልም ቀራጮቹ ጠፍተው ይቀራሉ፤ የተገኘው ካሴታቸው ብቻ ነው። የጎንደሮቹ ቀራጮች በሰላም አገራቸው ገብተዋል። የጠፋው የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የግድግዳ ሥዕል ነው፦ አነሱትና በቦታው ባልደረባቸው ጋስተን ሉዊ ሩ የሠራውን ቅጂ ለጥፈው ሄዱ። ዋናው ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው።