የስድስተኛው አጥንት ኬላ

ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ላይ፣ ኩንታል በማጅራቱ የሚሸከም አንድ ወዛደር ነበር። በወዛደሩ ጀርባ ውስጥ ደግሞ ሠላሳ ሦስት ወንድማማቾች የሚኖሩበት አገር ነበር።

አገሩ ሽቅብና ቁልቁል እንጂ ወርድ የለውም። ሰባቱ ወንድሞች ደጋው ላይ፣ አንገት ውስጥ ይኖራሉ። አሥራ ሁለቱ ወይና ደጋው፣ ደረት ላይ ናቸው፤ ግራና ቀኝ የጎድን አጥንት ስላላቸው ራሳቸውን እንደ ባለርስት ያያሉ፤ ከቦታቸው መነቃነቅም አይወዱም። አምስቱ ቆላው፣ ወገብ ውስጥ፣ ወፋፍራም ሸክም ቻዮች ናቸው። ከነሱ በታች ያሉት አምስቱ በልጅነታቸው ለየብቻ ነበሩ፤ ሲያድጉ ተጣብቀው አንድ ቤት ሆኑ። የመጨረሻዎቹ አራት ጭራ ሊሆኑ ታስበው የቀሩ ናቸውና እነሱን ልለፋቸው።

ወዛደሩ የሚመላለስበት መንገድም ከዚህ ብዙ አይለይም። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ ከነፋብሪካዎቿ ትጠብቃለች። በሁለቱ መካከል የሐረጎ ቁልቁለት አለ። ሐረጎ ከተዘጋ ላይና ታች አይገናኙም።

ጭንቅላት ወደዚያ አገር የመጣ ጊዜ መቀመጫ አልነበረውም ይባላል። አምስት ኪሎ የሚጠጋ ክብደቱን ይዞ በኩሩ አጥንት ላይ ዐረፈ። መቀመጥስ ተቀመጠ፤ መዞር ግን አቃተው። ፊቱን ወደ ጦሳ ካደረገ ጦሳን፣ ወደ ቦርከና ወንዝ ካደረገ ቦርከናን ብቻ ሲያይ ሊውል ሆነ። በኩሩ አዘነለት። እንደ ሌሎቹ ወንድሞቹ ከፊቱ የነበረውን ወፍራም አካሉን አውልቆ ለታናሹ ሰጠ። ሁለተኛው የወንድሙን አካል አናቱ ላይ እንደ ጥርስ አቁሞ ተከለው፤ በኩሩም ባዶ ቀለበት ሆኖ በጥርሱ ዙሪያ መዞር ጀመረ። ጥርሱ ወደ ኋላ ሄዶ አደጋ እንዳያደርስም አንድ ጠንካራ ጅማት ከጀርባው አሰሩለት። ይህችን እኔ አልፈጠርኳትም፤ የፅንስን አበቃቀል የሚያጠኑ ሐኪሞችም የሁለተኛው አጥንት ጥርስ ከአንደኛው አካል የመጣ መሆኑን ያስተምራሉ። በኩሩን አትላስ ይሉታል፣ ሰማይን እንዲሸከም በተፈረደበት የግሪኮች ግዙፍ ስም። የእኛው በኩር ግን ማንም አልፈረደበትም፤ ወዶ ነው።

ከዚያ ወዲህ ጭንቅላት እሺ ሲል በኩሩ ላይ ወደ ታች ይነቀንቃል። እምቢ ሲል በኩሩ በሁለተኛው ጥርስ ዙሪያ ይሽከረከራል፤ አንገት ከሚዞረው ዙር ግማሽ ያህሉ የሚገኘው እዚያች ላይ ነው። ወዛደር ነውና የእሺው ቦታ ሲሠራ ይውላል። የእምቢው ቦታ ብዙውን ጊዜ ሥራ ፈት ነበር።

የሌሎቹም አጥንቶች መሐል ባዶ ነው። ባዶዎቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሲደረደሩ መንገድ ይሆናሉ፤ በዚያ መንገድ ሕብለ ሰረሰር የሚባል ሲራራ ነጋዴ ይመላለሳል። ርዝመቱ 45 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ውፍረቱም የትንሿ ጣት ያህል ቢሆን ነው። የጭንቅላትን ትእዛዝ ቁልቁል፣ የእግርን ወሬ ሽቅብ ያደርሳል። እግረ መንገዱን 31 ጥንድ ነርቮችን ግራና ቀኝ ይልካል። ከሦስተኛው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው የአንገት ወንድሞች አካባቢ የሚወጡት ተሰባስበው ደረትንና ሆድን ወደሚለየው ጡንቻ ይወርዳሉ፤ ሰው የሚተነፍሰው በነሱ ነው። ከነሱ ቀጥለው የሚወጡት ለክንድና ለጣት ናቸው። ይህ ሁሉ ሲሆን ሲራራው አንድም ቀን ቀረጥ ከፍሎ አያውቅም ነበር።

ስድስተኛው አጥንት ክፉ አልነበረም። ለጭንቅላት የኋላ ክፍል ደም የሚያደርሱት ሁለት የደም ሥሮች አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚገቡት በእሱ የጎንና የጎን ቀዳዳ ነው፤ ለዚያም ዋጋ ጠይቆ አያውቅም። ነገር ግን ኩንታሉ የሚያርፈው በእሱ ሰፈር ነው። ጎንበስ ቀናው የሚበረታው በእሱና በአምስተኛው መካከል ነው። ስሙ የሚነሳው ደግሞ የሰባተኛው ነው፤ ማጅራት ላይ ጎላ ብሎ ስለሚወጣ ሰው ሁሉ በእጁ ዳስሶ ያውቀዋል። ስድስተኛውን የሚያውቀው የለም። እንዲህ ያለ ቂም ሳይናገሩት ይቆያል።

አንድ ቀን ወዛደሩ አይሱዙ ላይ፣ ከጭነቱ ጋር ተቀምጦ ሐረጎን ሲወርድ ሰዎች መንገዱ ላይ ገመድ ወጥረው መኪናውን አስቆሙ። ሾፌሩ ብር አወጣ፤ ገመዱ ረገበ። ጥቂት እንደሄዱ ሌላ ገመድ። ወዛደሩ አንገቱን መልሶ ሲያይ ስድስተኛውም አየ። አጥንት ዓይን የለውም የሚል ካለ ተረቱን ትቶ ቡናውን ይጠጣ።

«አያ አምስተኛ፣» አለ ስድስተኛው፣ «ገመድ የያዘው ሰውዬ ምን ተሸክሟል?»

«ምንም።»

«ሾፌሩስ?»

«ሁሉን።»

«ታዲያ የሚበላው ማነው?»

አምስተኛው ዝም አለ። በዚያ ሰሞን ስድስተኛው በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ትንሽ አጥንት አበቀለ። ሲራራው ትከሻውን ሰብስቦ አለፈ፤ ክስ የሚያቀርብበት ቦታም አላገኘ። አምስተኛው ይህን አይቶ እሱም አበቀለ። በሁለቱ መካከል ተኝቶ ትራስ ሆኖ የኖረው ዲስክ ከላይም ከታችም ሲጨመቅ ወደ መንገዱ ተንሸራተተና «ወጪ ወራጁን እኔም እቆጣጠራለሁ» አለ። አንድ ኬላ ሦስት ሆነ።

መጀመሪያ አውራ ጣት ደነዘዘ፤ በአምስተኛውና በስድስተኛው መካከል የሚወጣው ነርቭ ወደዚያ ነው የሚሄደው። ከዚያ ወዛደሩ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያስቸግረው ጀመር። ቀጥሎ ነገሩ ወደ ቆላ ወረደ። ኮምቦልቻ ላይ ከመኪና ሲወርድ እግሩ ይደናቀፋል፤ የረገጠውን መሬት በደንብ አይለየውም፤ ጉልበቱ ግትር ይላል።

ጭንቅላት ተቆጣ። «እግር ለገመ፤ ወገብ ሰነፈ» ብሎ ፈረደ። ወገብ በቅቤ ታሸ። ወጌሻ መጥቶ አምስቱን ቆለኞች አንድ በአንድ ጫናቸው፤ በመቀነት ታሰሩ። ስብራትም ወለምታም አልተገኘባቸውም። ይህም ነጻ አላወጣቸውም፤ ጭንቅላት «ደብቀውኝ ነው» አለ። ወደ አንገት ማየት አልመጣለትም፤ አንገት እሱ የተቀመጠበት ነዋ!

ቆለኞቹ መከራው ሲበዛባቸው አበጋር ይጠራልን አሉ። በወሎ ደም የተቃቡ የሚታረቁት በአበጋር ፊት ነው፤ አበጋርም ለማንም የማያዳላ መሆን አለበት። በዚያ አገር ይህን የሚያሟላ አንድ ብቻ ተገኘ። እሱም ከምላስ ሥር፣ ከማንቁርት በላይ ያለው ጎባጣ አጥንት ነው። በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥሎ ይኖራል እንጂ ከየትኛውም አጥንት ጋር አይገጥምም። የሚዋሰነው ስለሌለ የድንበር ክስ ኖሮበት አያውቅም።

ንጉሥ ሚካኤል ካሠሩት ከአይጠየፍ አዳራሽ ብዙ በማይርቅ አልጋ ቤት ወዛደሩ እንቅልፍ ሲወስደው ሸንጎው ተቀመጠ። ገና አቦሉ ሳይወርድ የደረቱ ባለርስቶች «ይህ የኛ ነገር አይደለም» ብለው ጎናቸውን ሰጡ። የተጣበቁት አምስቱም ከቤት አልወጡም።

«አባ፣» አለ ስድስተኛው፣ «አብቅለሃል ይሉኛል፤ አዎ፣ አብቅያለሁ። ያልተጫነ አጥንት መቼ ያበቅላል? ኩንታሉን ስሸከም የቆጠረልኝ ማነው? ደም ሳሳልፍ ያመሰገነኝስ?»

አበጋሩ ራሱን ነቀነቀና ወደ ቆለኞቹ ተመለከተ። የሁሉንም ክብደት ከታች የሚችለው የመጨረሻው የወገብ አጥንት ተነሣ።

«ያኑርዎ አባ። ሲራራው እኔ ቤት አይደርስም። ከአምስታችን አንደኛው ወይም ሁለተኛው ዘንድ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ ወዲህ የሚወርደው ክር ብቻ ነው። እግርን የማሳድረው በዚያ ክር ነው። እነዚህ ላይ ቤት እየቆነጠሩ ካስቀሩት እኔ ዘንድ ምን ይመጣል? የታሰርኩትም የታሸሁትም ደግሞ እኔ ነኝ።»

ስድስተኛው ደነገጠ። «የእግርን ነርቭ በእጄም አልነካሁ! የእኔ የክንድ ብቻ ነው» አለ።

«የእግር ነርቭ እኛ ዘንድ እስኪወጣ ድረስ በየት በኩል የሚያልፍ መሰለህ ወንድሜ?»

በዚህ መካከል አራተኛው ገመዱን አዘጋጅቶ ጨርሶ ነበር። ሦስተኛው አየውና «አንተ ደግሞ ከወጠርክ እስትንፋስ ይቆማል፤ ቀረጥህን ቆጥረህ ሳትጨርስ» አለው። አራተኛው ገመዱን ሸሸገ። መጣሉን ግን አላየሁም።

በረካው ከተጠጣ በኋላ አበጋሩ ፈረደ። «በባዶው ቦታ ርስት የለም፤ በኩሩ አካሉን የሰጠ ቀን ለሁሉም ሆኗል። ስድስተኛ፣ አምስተኛ፣ እናንተ አጥፍታችኋል። ይሁንና የበቀለ አጥንት በእርቅ አይቀልጥም፤ ሐኪም ካልቀረፈው በቀር ባለበት ይኖራል። እንዳይጨመርበት ማድረግ የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጭንቅላት፣ ቅረብ።»

«እኔ ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

«ኩንታሉን ተቀበል ሲሉህ የሚመልሰው ማነው?»

ጭንቅላት አፈረና በኩሩ ላይ ዝቅ ብሎ «እሺ አባ» አለ።

«የጠየቅሁህ እሱን አልነበረም» አለ አበጋሩ።

ሰኞ ጧት ነጋዴው መጣ። «ሦስት ኩንታል ጤፍ አለ፤ ለኮምቦልቻ ነው፤ ቶሎ ጫንልኝ» አለው። በኩሩ ለመነቅነቅ ተሰናዳ፤ ልማድ ነውና። ሁለተኛው ግን ቀደመ። ጥርሱ ቀለበቱ ውስጥ ተንቋቋ፤ ጭንቅላት ወደ ግራ ዞረ፣ ከዚያም ወደ ቀኝ።

ነጋዴው አልተከራከረም። ከኋላ ቆሞ ተራውን ይጠብቅ የነበረውን ጎረምሳ በአገጩ ጠራው። ጎረምሳው ጎንበስ አለ፤ ኩንታሉ ማጅራቱ ላይ ተጫነ፤ ከውስጥም፣ ከስድስተኛው ቤት፣ አንድ ድምፅ «አያ አምስተኛ፣ እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለ።