መታጠፊያው ላይ

አንድ ኩንታል ጤፍ መቶ ኪሎ ነው፤ ያም ሆኖ ጠንካራ ጎረምሳ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ፎቅ ይወጣበታል። ባዶ ሮቶ ግን የኩንታሉን እኩሌታ እንኳ ሳይመዝን ሁለት ሰው ያንገላታል፤ ሆዱ ክብ፣ ገላው ልሙጥ፣ እጅ የሚያርፍበት የለው። እንግሊዞች እንዲህ ያለውን ዕቃ አንዊልዲ ይሉታል። ቃሉ የመጣው ጥንት መግዛትንና ማዘዝን ከሚያመለክት ግስ ሲሆን፣ ለተንዛዛ መመሪያና ልኩን ላጣ መሥሪያ ቤትም ይጠቀሙበታል። እኔ የማወራው ግን ስለ ቁም ሳጥን ነው።

የእናቴ ቁም ሳጥን ዋንዛ ነው። አናጢው እንጨቱን እርስ በርሱ እያጎረሰ በኮላ ስላጣበቀው፣ ከበሮቹ በቀር የሚፈታ ነገር የለውም። ሲከፈት ዛሬም ናፍታሊን ናፍታሊን ይሸታል። እናታችን ካረፈች በኋላ እህት ወንድሞቼ ለእኔ ይሁን አሉ፤ እኔ ደግሞ የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ኮንዶሚኒየም በ1990ዎቹ መጨረሻ መሠራት ሲጀምር፣ ወጪ ለመቆጠብ ሲባል ብዙዎቹ ሕንፃዎች ሊፍት አልባ ባለ አራት ፎቅ ሆኑ። ይህ ይገባኛል። የማይገባኝ የደረጃው ጥበት ነው። አልጋም፣ ፍሪጅም፣ ታማሚም፣ አስከሬንም የሚያልፈው በዚያው ነው።

አይሱዙው በር ላይ እንደቆመ የሰፈሩ ጫኝና አውራጆች አራት ሆነው መጡ። ዋጋ የሚቆርጡት በፎቅ ነው። አለቃቸው ቁም ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው፣ በስንዝር ለካው፣ ከዚያ ወደ ደረጃው ገብቶ መታጠፊያውንም ለካ። «ጋሼ፣ ክብደቱን አንፈራም፤ የሚያሰጋን መዞሪያው ነው» አለኝ።

ሁለተኛ ፎቅ ድረስ እንደምንም ወጡ። ከዚያ በላይ ባለው መታጠፊያ ግን አናቱ ከላይ ሲሚንቶውን፣ እግሩ ከታች የደረጃውን ብረት ያዘና ወደፊትም ወደኋላም አልሄድ አለ። ከላይ የነበረው ልጅ በቁም ሳጥኑና በግድግዳው መካከል ተጣበቀ፤ አንገቱን ወደ ጎን አዙሮ፣ መዳፉን ከጠርዙ ሥር ማውጣት ተስኖት፣ የጣቶቹ ጫፍ ነጭ ሆኖ ይታየኛል። ከታች አንዲት እትዬ የአስቤዛ ዘንቢላቸውን አስቀምጠው «ኧረ በማርያም፣ ልጁን!» ይላሉ። አለቃው ድምፁን ሳያሰማ ትከሻውን ከእግሩ በኩል አስገብቶ ወደ ራሱ ሳበው። ለልጁ የከፈተለት ቀዳዳ ከአንድ ጣት አይበልጥም፤ ልጁ በዚያች ወጣ።

የሒሳብ ሰዎች ለዚህች መታጠፊያ ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ሊዮ ሞዘር እ.ኤ.አ. በ1966 አንድ ጥያቄ አቀረበ፤ ወርዱ አንድ ሜትር በሆነ ኮሪደር ቀጥ ባለው ማዕዘን ዞሮ ማለፍ የሚችለው ትልቁ ሶፋ ስፋቱ ስንት ነው? ጆሴፍ ገርቨር በ1992 ወደ 2.22 ካሬ ሜትር የሚጠጋ ቅርጽ አገኘ። ከዚያ የሚበልጥ እንደሌለ አረጋገጥኩ የሚል ጽሑፍ ጂንዮን ቤክ ያወጣው በ2024 ነው። ያውም የእነሱ ሶፋ ጠፍጣፋ ነው፤ አይጋደምም፣ ደረጃ አይወጣም፣ ሰው አያጣብቅም። የእኛ ልጆች ጥያቄ ከዚያ ይከብዳል፤ የሚፈቱትም በትከሻቸው ነው።

ወገብንም ቢሆን የሚጎዳው ኪሎው ብቻ አይደለም። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ባወጣው ቀመር፣ ሁኔታው ሁሉ ሲመች ለአንድ ሰው የሚመከረው ሸክም 23 ኪሎ ነው። ይህም ዕቃው ከሰውነት 25 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ ሲሆን፣ ርቀቱ 50 ከደረሰ ልኩ በግማሽ ይወርዳል፤ ደህና መያዣ ከሌለው ደግሞ ሌላ ይቀነሳል። ቁም ሳጥን እንዴት ተደርጎ ወደ ደረት ይጠጋል?

መልሰው አወረዱት። በሮቹን ፈቱ፣ ብርድ ልብስ አለበሱት፣ በገመድ ጠፍረው በበረንዳ በኩል ሊያወጡት ተነሱ። በአምስተርዳም የድሮ ቤቶች ደረጃቸው ጠባብ ስለሆነ፣ ከጣሪያው ሥር ዕቃ በመስኮት መሳቢያ መንጠቆ ያለው ግንድ ተበጅቶላቸዋል። እኛ መንጠቆም የለን። ሦስቱ ከላይ ሳቡ፤ አለቃው ከታች ሁለተኛ ገመድ ይዞ ቁም ሳጥኑ ግድግዳውን እንዳይመታ ወደ ውጭ ይጎትታል። ዓይኑ ከገመዱ አልተነቀለም።

ሒሳብ ስከፍል ከተቆረጠው ላይ ጨመርኩ። ጎረቤቴ «አበዛኸው፣ ታስለምዳቸዋለህ» አለኝ። አልተስማማሁም። ዕቃ በግድ እናውርድ እያሉ ሰው የሚያስመርሩ እንዳሉ አውቃለሁ፤ እነዚህ ግን እንደዚያ አይደሉም። ያን መታጠፊያ በስንዝር ለክቶ፣ ተይዞ የቀረን ልጅ በአንድ ጣት ቀዳዳ ላወጣ ሰው ያ ገንዘብ አይበዛበትም።

ከቁም ሳጥኑ የተጎዳው የግራ እግሩ ብቻ ነው፤ ተሰንጥቋል። አናጢው አይቶት በብሎን የሚፈታ አዲስ እግር ልግጠምለት አለኝ። የእናቴን እንጨት አንጥለውም፣ እሱኑ በኮላ አጣብቅልኝ ብዬዋለሁ፤ ቅዳሜ ይመጣል።