የፊደል ቁልምጫ

የፊደል ቁልምጫ ለሴት ልጅ ስም ከሚወጣባቸው መንገዶች ሁሉ ዘመናዊው ነው። የቆየው ልማድ ስሙን አውጥቶ ቁልምጫውን ለጊዜና ለሰው አፍ ይተወዋል፤ በዚህኛው ግን አስቀድሞ የሚመረጠው ቁልምጫው ነው። ባልና ሚስት «ኤጄ»፣ «ኬሲ»፣ «ቲቲ» ወይም «ዲዲ» ላይ ይስማማሉ፤ ከዚያ እነዚህን የእንግሊዝኛ ፊደላት በራሱ ላይ የሚሸከም ስም ማሰስ ይጀምራሉ። ኮርቻው ተገዝቷል፤ የቀረው በቅሎዋን መፈለግ ነው። ዘዴው በሴት ልጅ ላይ የሚበረታበት ምክንያት በግልጽ ተነግሮ አያውቅም። ምናልባት ወንዱ የአያት ስም ተሸክሞ መቆም አለበት፣ ሴቷ ግን አጠርና ጣፈጥ ካለች ይበቃታል ከሚል ርኅራኄ የመጣ ይሆናል።

የዘዴው አገር አሜሪካ ነው። እዚያ ልጅ የራሷ ስም፣ የመካከለኛ ስምና የቤተሰብ ስም አላት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ወላጆች እንደ ልባቸው ስለሚመርጡ «ኤጄ» ሊሏት ያሰቧትን ልጅ አማንዳ ጄን ብለው መገላገል ይችላሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ መካከለኛ ስም የሚባል ነገር የለም። ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት ነው፤ ሁለቱም ልጅቱ ሳትወለድ ያለቁ ጉዳዮች ናቸው። «ኤጄ» የምትባል ልጅ የሚመኝ ሰው እሱ ራሱ አስቀድሞ ጀማል ወይም ጃለታ መባል ነበረበት፤ ከበደ ከሆነ ነገሩ አብቅቷል።

ስለዚህ ዘዴውን በደንቡ መከተል የምትሻ እናት ዝግጅቷን መጀመር ያለባት ከእርግዝናው ሳይሆን ከሽምግልናው ነው። ሽማግሌዎች ደጅ ሲጠኑ ዘሩ፣ ጠባዩና ሥራው ከመጠየቁ በፊት «ለመሆኑ ልጃችሁ ስሙ በምን ይጀምራል?» መባል አለበት። ከጅጅጋ በስተምሥራቅ፣ በሶማሊላንድ ድንበር ላይ ባለችው በሀርሺን ወረዳ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። እዚያ ጋብቻ የሁለት ሰዎች ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ የጎሳ ሽማግሌዎች ይቀመጡበታል፣ ያረድ የሚሉት ጥሎሽም በግመል ይቆጠራል። ያን ሁሉ ግመል ነድቶ የመጣ ሙሽራ ስሙ በማይፈለግ ፊደል ሲጀምር ቢገኝ ግመሎቹ ይመለሱ ወይስ ሙሽራው ስሙን ይቀይር፣ የዘዴው ደጋፊዎች እስካሁን አላብራሩም።

አማርኛ ቁልምጫ ቸግሮት አያውቅም። ትዕግስት ቲጂ፣ ቤተልሔም ቤቲ፣ ማህሌት ማሂ፣ ሕይወት ሂዊ ስትባል የኖረችው ማንም ስብሰባ ሳይቀመጥበት ነው። የቀረው በ«ዬ» ይሸፈናል። እጅጋየሁ ሽባባውን ዓለም ያወቃት ጂጂ ተብላ ነው፤ ጂጂም ከእጅጋየሁ ሆድ የወጣ እንጂ ከእንግሊዝኛ ሠንጠረዥ የተለቀመ አይደለም። በአዲሱ ዘዴ ብትቆላመጥ ኖሮ «ኢ ኤስ» ትሆን ነበር፤ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ «ኢ ኤስ! ኢ ኤስ!» እያለ ሲያጨበጭብ ማሰብ ነው።

በፊደል ራስ ማሳጠርም ቢሆን ለአማርኛ አዲስ አይደለም። ጸሐፊዎች ቀለምና ቦታ ሲቆጥቡ ገብረ ማርያምን ገ/ማርያም፣ ኃይለ ሥላሴን ኃ/ሥላሴ፣ ወይዘሮን ወ/ሮ እያሉ ኖረዋል። በ80 ቀኗ ክርስትና የምትነሳ ልጅ ወለተ ማርያም ከተባለች ወ/ማርያም ተብላ ልትጻፍ ትችላለች። ሆኖም ወረቀትን ከአፍ መለየት ያኔ ይታወቅ ነበርና «ወ እዝባር ማርያም፣ ነይ እራት ቀርቧል» ብላ ልጇን የጠራች እናት አልተሰማችም።

ፊደሉ ራሱ ለዚህ ሥራ ሰፊ ነው። 33ቱ ቤቶች በሰባት ተባዝተው 231 ሆሄ ይሆናሉ፤ እያንዳንዱም አናባቢውን ይዞ የሚጠራ ሙሉ ድምፅ ነው። በአገር ፊደል ራስ መቆላመጥ የሚፈልግ ሰው ሊዲያ ሊበንን ሊሊ፣ ማርታ ማሞን ማማ ማለት ይችላል። ካሊና ካሳሁን ግን ካካ ትሆናለች፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዘመናዊ ወላጆች ከ231ዱ ሸሽተው 26 ፊደል ውስጥ የተጠለሉት ይህን የመሰለ አደጋ ፈርተው ከሆነ አይፈረድባቸውም።

ችግሩ መጠለያውም ያፈሳል። ትዕግስት የተባለች ልጅ የአባቷ ስም በ«በ» ከጀመረ «ቲቢ» ትሆናለች፤ ጤና ጣቢያ ተራ ስትጠብቅ በቁልምጫዋ የተጠራች ቀን ወንበሩ ዙሪያዋን ባዶ ይሆናል። አስቴር ተስፋዬ መኮንን በሦስት ስሟ ብትቆላመጥ «ኤቲኤም» ናት፤ ዘመድ ወዳጅ ለምን እንደሚፈልጋት ከስሟ ይታወቃል። ስመ ጥር አትሌቶቹም ቢሆኑ ሊድኑ አይችሉም ነበር። በ2004 እ.ኤ.አ. በአቴንስ፣ በ2012 እ.ኤ.አ. በለንደን በ5,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው መሠረት ደፋር «ኤምዲ» ተብላ ሳትማር ሐኪም ትሆናለች። በ2003 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ብርሃኔ አደሬ «ቢኤ» ነች፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ተወስና ትቀራለች። በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ያመጣችው ደራርቱ ቱሉ ደግሞ «ዲቲ» ብትባል ከወባ ማጥፊያው መድኃኒት የምትለየው በአንድ «ዲ» ይሆን ነበር። እንደ ዕድል ሆኖ ሕዝቡ ሙሉ ስማቸውን ለመጥራት ትንፋሽ አላጠረውም።

ሀርሺን ላይ ነገሩ ከዚህም ይወሳሰባል። የሶማሌ ክልል የሥራ ቋንቋ ሶማሊኛ ነው፤ የሚጻፈውም ሶማሊያ በ1972 እ.ኤ.አ. በይፋ በተቀበለችው የላቲን ፊደል ነው። ይህ ፊደል መልኩ የእንግሊዝኛ ይምሰል እንጂ ድምፁና ተራው የራሱ ነው። የተነባቢዎቹ ተራ ዓረብኛን ስለሚከተል ልጆች ሲቆጥሩት «ኤ፣ ቢ፣ ሲ» አይሉም፤ «ባ፣ ታ፣ ጃ» ይላሉ። እንግሊዞች «ሲ» የሚሉት ምልክት እዚህ ከጉሮሮ የሚወጣው «ዐ» ነው፤ «ኤክስ» የሚሉት ደግሞ «ሐ» ነው። ሹክሪ የምትባል ልጅ ስሟ የሚጀምርበት ፊደል ሁለት ምልክት ተጣምሮ አንድ የሆነበት ነው፤ እንግሊዝኛው ቁልምጫ ግማሹን ቆርጦ «ኤስ» ብሎ ያስቀራታል።

ለአብነት ዓሻ ዓብዲ የምትባል ልጅ ትወሰድ። በክልሉ ዓሻም ዓብዲም ስፍር ቁጥር ስለሌላቸው ይህ ስም ማንንም አይጠቁምም። ወረዳው ወረቀት ላይ በሶማሊኛ ስትጻፍ ሁለቱም ስሞቿ በ«ሲ» ምልክት ይጀምራሉ፤ እንግሊዝኛ አዋቂ ዘመድ «ሲሲ» ብሎ ይቆላምጣታል። አድጋ ፓስፖርት ስታወጣ ሁለቱም «ኤ» ይሆናሉ፤ «ሲሲ» ኢሚግሬሽን በር ላይ ሞታ «ኤኤ» ትወለዳለች። ለፌዴራል መሥሪያ ቤት በአማርኛ ማመልከቻ ስትጽፍ ደግሞ «ዓ»ው «አ» ሆኖ አ.አ. ነች፤ ያን ያየ ሁሉ አዲስ አበባ ብሎ ያነበዋል። ከዋና ከተማዋ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የተወለደች ልጅ የአዲስ አበባን የመኪና ታርጋ ለጥፋ ትዞራለች ማለት ነው። ሐሊሞም ከዚህ አታመልጥም። በሶማሊኛው «ኤክስ»፣ በእንግሊዝኛው «ኤች» ናት፤ አስተማሪዋ ደብተሯ ላይ «ኤክስ» ሲያደርግ ይቆላምጣት ወይስ ስህተቷን ያርም ለመለየት ያስቸግራል።

በአንጻሩ ከድንበሩ ማዶ በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. የሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት የሆኑት አብዲራህማን መሐመድ አብዱላሂ የሚታወቁበት «ኢሮ» የተባለ ቅጽል ስም በሶማሊኛ በ«ሲ»፣ በእንግሊዝኛ ጋዜጣ በ«አይ» ይጀምራል። ማንም ግን አልተደናገረም፤ ስሙ የተቀዳው ከሽበት እንጂ ከፊደል አይደለምና።

ሶማሊዎች ይህን ዓይነቱን ቅጽል ስም ናናይስ ይሉታል። መሐመድና ዓብዲ በበዛበት መንደር ሰውን ከሰው ለመለየት የተፈጠረ መሣሪያ ነው፤ ቁመት፣ ግራኝነት፣ ጉዳት፣ አንድ ቀን የተፈጸመ ነገር፣ ምኑም አይምርም። አውጪው ጎረቤት ነው፤ ባለቤቱ አይጠየቅም፣ ይግባኝም የለውም። ከ2010 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ሶማሊላንድን የመሩት አሕመድ መሐመድ «ሲላንዮ» ሲባሉ ትርጉሙ እንሽላሊት ነው። ከ2017 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. የሶማሊያ ፕሬዚዳንት የነበሩት መሐመድ አብዱላሂ «ፋርማጆ» ደግሞ ከአባታቸው የወረሱት ቅጽል ጣሊያኖች ለአይብ ከሚሉት ቃል የመጣ ነው። ሴቶችም አልቀሩም፤ በ2004 እ.ኤ.አ. ያረፈችው ዝነኛዋ ድምፃዊት ሐሊማ ኸሊፍ «ማጎል» ስትባል ኖራለች፣ ያበበ ለማለት ነው። እንሽላሊትና አይብ ተብሎ ፕሬዚዳንት በሚኮንበት አካባቢ «ሲሲ» ተብሎ ምን እንደሚተረፍ ገና አልታወቀም። ስም ከቤት ይወጣል፣ ጎረቤት ይከተላል የሚለው ተረት ለስም እውነት ነው፤ ቅጽል ግን ሁሌም በተቃራኒው ጎረቤት አውጥቶት ቤት ሲከተለው ኖሯል። ለልጁ ራሱ ቅጽል የሚያወጣ ወላጅ በሰርጉ ላይ ራሱ ዘፍኖ ራሱን እንደሚሸልም ሰው ነው።

የሚቆረጡት ስሞች ምን እንደሚይዙም መታየት አለበት። ሆዳን ብልጽግና፣ ዴቃ ስጦታ፣ ኡባህ አበባ፣ ሉል ዕንቁ ነው። ባርዋቆ ለብቻው ይታይ። ሀርሺን ያለችበት ሐውድ ቋሚ ወንዝ የለውም፤ የዝናብ ውኃ ቢርካ በሚሉት፣ መሬት ተቆፍሮ በሲሚንቶ በተለሰነ ጉድጓድ ተጠራቅሞ ነው ሰውም ከብትም በጋውን የሚሻገረው። ቢርካው ደርቆ ውኃ በቦቴ እስኪመጣ የሚጠብቅ ቤተሰብ ልጁን ባርዋቆ ሲላት ዝናቡን፣ ሣሩንና ወተቱን፣ የጠገበ ዓመትን ሁሉ በአንድ ቃል ጠርቷል። ዘመናዊው ወላጅ ይህን ወስዶ «ቢ» ያደርገዋል፤ «ቢ» ደግሞ ትምህርት ቤት ውስጥ ከ«ኤ» ያነሰ ውጤት ነው።

እዚያው አብቲርሲ የሚባል ትምህርት አለ። ልጅ አፉን እንደፈታ የአባቱን፣ የአያቱን፣ የቅድመ አያቱን ስም እያለ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ አሥር ትውልድ ማለት ብዙ አይደለም፣ ሴቶችም ይማሩታል። ሴት ልጅ ስታገባም የባሏን ስም ስለማትወስድ ይህ ሰንሰለት አብሯት ይኖራል። በአዲሱ ዘዴ ቢያጥር ሃያ ፊደል የተደረደረበት፣ የባንክ የይለፍ ቃል የሚመስል ነገር ይወጣዋል፤ ምስጢራዊነቱ ግን አስተማማኝ ነው፣ ባለቤቷም አታስታውሰውም።

ዘዴው ወደዚህ የሚገባበት አንዱ በር የውጭው ዘመድ ነው። ከሀርሺን አቅራቢያ ያለው የሀርትሼክ መጠለያ በ1988 እ.ኤ.አ. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹትን ተቀብሎ በአንድ ወቅት በዓለም ትልቁ የስደተኞች ጣቢያ ተብሎ ነበር፤ የተዘጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ሚኒያፖሊስ፣ ቶሮንቶና ለንደን የደረሱት የሶማሊ ቤተሰቦች ቅጹ የቤተሰብ ስም ሲጠይቃቸው ብዙዎቹ የአያትን ስም አስገቡ። የእነሱ ልጅ ክረምት ላይ አዬዮዋን፣ ማለትም ሴት አያቷን፣ ለመጠየቅ ስትመጣና ስሟን ስትጠየቅ «ሲጄ» ብትል፣ አሮጊቷ ሁለቱን ድምፆች ሰምተው ቀሪውን ይጠብቃሉ። ቀሪው ሳይመጣ ሲቀር ጥያቄው ይቀየራል፦ «የማን ልጅ ነሽ?» አሁን ልጅቱ አባቷን ትጠራለች፣ አያቷን ትጨምራለች፤ ሦስተኛው ላይ አሮጊቷ እጃቸውን ዘርግተው ያቅፏታል። ለሁለቱ ፊደላት ያቀፋት የለም።

ስምን በባዕድ ልክ የመስፋት ሙከራው በቁልምጫ አልተጀመረም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር። ከስድሳ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ሕዝቡ ዛሬም በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ይጠራል። መንግሥት በአዋጅ ያልቻለውን አንድ ባልና ሚስት በ«ዲዲ» እናደርገዋለን ካሉ ድፍረታቸው ይደነቃል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ አዝዟል፤ ማሳጠር ለሚወዱ ሁሉ ደግሞ የፋይዳ መታወቂያ 12 አሃዝ ይሰጣል። የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ የሚሞላው የልጅቱ ስም፣ የአባቷ ስምና የአያቷ ስም ነው፤ ለቁልምጫ የተተወ መስመር የለውም።