ወህኒ ቤትም ጨዋታ ሆነ!

እኔን እዚህ ሳዑዲ፣ ጂዛን ውስጥ ሳብያ ላይ፣ ከስፌት መኪናዬ ጋር ሙቀቱ እየቀቀለኝ ነው። ሙቀቱም እንደ ድሮው አይደለም፤ የድሮው ሙቀት ጨዋ ነበር።

ሰሞኑን ደግሞ ምን ሰማሁ መሰላችሁ? እስረኛ በቪዲዮ ጌም ሙያ ይማራል አሉ! በ2017 እንደ ፈረንጆቹ፣ አሜሪካ ኮሎራዶ፣ ፍሪሞንት በሚባል ወህኒ ቤት፣ ልጅ ሳሉ ዕድሜ ልክ የተፈረደባቸውን ሰዎች ዓይናቸው ላይ እንደ ጌም የሌለ ነገር የሚያሳይ ትልቅ መነጽር ደፍተው ልብስ ማጠብና ሱቅ ገብቶ ያለ ሻጭ ሒሳብ መክፈል አስተማሯቸው። ሰውየው አየር እየጨበጠ ልብስ ያጥባል! ልብሱ የለ፣ ውሃው የለ።

በእኛ ጊዜ ወህኒ ወህኒ ነበር። አዲስ አበባ ከርቸሌ የገባ ሰው ሸማኔ፣ ምንጣፍ ሠሪ፣ አናጢ ሆኖ ይወጣል። ሙያ ፍለጋ ሰው ወዶ ሊታሰር ምንም አይቀረው ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ፎቅ ቆሟል፤ እዚያ የሚሰበሰበው ሁሉ ምን ሙያ ይዞ እንደሚወጣ እንጃ።

ሙያ የሚገባው በኩርኩም ነው። ስፌት ያስተማሩኝ አለቃዬ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ስንት ክረምት ሻይ አስመላለሱኝ እንጂ መርፌ አላስነኩኝም። አንዳች ነገር አላሳዩኝም፤ ሰርቄ እያየሁ ለመድሁ። ማስተማር ማለት ይህ ነው!

እስርን ካነሣን አይቀር፣ የእህቴ ልጅ እዚሁ ጂዛን ዳይር ተራራ ላይ ጫት ተሸክሞ ተያዘና ጂዛን እስር ቤት ከረመ። በ2020 በኮሮና ሰበብ ሁቲዎች ከየመን ያባረሯቸው ወገኖቻችን እዚሁ ጂዛን ታጉረው እግር መዘርጊያ እንዳጡ አትረሱትም፤ መነጽሩማ ይቅር። ልጁ ተርሂል በሚሉት ማባረሪያ አገሩ ገባ። ገብቶስ ምን ቢማር ጥሩ ነው? ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ስክሪን ከፊቱ ተደቅኖለት፣ በሌለ ሎደር የሌለ አፈር መዛቅ! ገደል ቢገባም «እንደገና ጀምር» ይለዋል። እኛ ገደል ስንገባ ማን እንደገና አስጀመረን? አሁን ሎደር ላይ ተቀጥሯል፤ አሠሪው ተሞኝቶ መሆን አለበት። ከመጀመሪያ ደመወዙ በርበሬና ሽሮ በሰው ላከልኝ። ተቀበልሁ፤ ሽሮው ምን አጠፋ?

የዚህ የሳዑዲ ሰውም ያው ነው። ሪያድ በ2024 ለጌም የዓለም ዋንጫ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት አወጣች። ያን ሁሉ ገንዘብ ለአውራ ጣት! እኔ የአንድ ቶብ፣ የዐረብ ቀሚስ፣ ጫፍ አሳጥሬ ዋጋ ስናገር ግን ሰማይ ይደፋብኛል።

ይህን ሳወራ የጎረቤቴ ልጅ ስልኬን እያየ «አባባ፣ የእርስዎስ?» ብሎ ይሥቃል፤ ባለጌ! የእኔማ ጨዋታ አይደለም፣ እርሻ ነው። ስንዴዬ ደርሷል፣ ላሞቹ አልታለቡም፤ ዛሬ ማታ ካላጨድሁት ማን ሊያጭድልኝ ነው?