ማህተም የሌለው መሥሪያ ቤት

ልጅ ሲዳር ዘር እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ጠባዩ ይጠየቃል፣ መጠጥ ላይ እንዴት ነው ይባላል፣ በጓሮ በር ሳይቀር ከጎረቤት ወሬ ይለቀማል። ልጅ ስታርትአፕ ሊገባ ሲል ግን የሚጠይቅ ሽማግሌ የለም። «ላፕቶፕ አለህ?» ይሉታል፤ አለኝ ካለ ገባ ነው። ኋላ ልጁ ሲከሳ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ እናቱ ጠበል ልትወስደው ስትነሳ፣ ያን ጊዜ እኔ እጠራለሁ።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ በሞዴል 19 ይገባል፣ በሞዴል 22 ይወጣል፤ በመሃል ያለው ሁሉ በእኔ አንገት ነው። ንጉሡ ወረዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግም ሄደ፤ የእኔ ወንበሮች ግን በየቁጥራቸው ተገኙ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው።

ሁለት የልጅ ልጆቼ፣ ወንድምና እህት፣ እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ስታርትአፕ ገቡ። ስሙን አልጠራም፤ ብጠራውም ቶሎ ቶሎ ስለሚቀየር አይጠቅማችሁም። መጀመሪያ ዕቃ በሞተር ሳይክል የሚያደርስ ነበር። ለእድርተኛው ሁሉ ይህንኑ አውርቼ ሳልጨርስ የሂሳብ ሶፍትዌር ሻጭ ሆነ። ሶፍትዌሩን ለመልመድ ስታገል ተመልሶ ዕቃ አድራሽ ሆነ።

አንድ ቀን ቢሮአቸውን ልይ ብዬ ቦሌ ወረድኩ። ተቀመጡ ብለው የሰጡኝ እግርም መደገፊያም የሌለው ከረጢት ነው፤ መቀመጡ ቀላል ነው፣ ለመነሳት ግን ሁለት ጎረምሳ ያስፈልጋል። እነሱ ደግሞ ስብሰባቸውን ቆመው ነው የሚያደርጉት! እኛ ቁጭ ብለን፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ እንኳ አልተግባባንም። ሥራ አስኪያጁን አንተ ይሉታል። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ምን ይላል ብዬ ብጠይቅ፣ በፍጥነት ሂዱ፣ ስበሩ ነው አሉኝ፤ የፌስቡኮች መፈክር ነው። ስበሩ! እኛ ዘንድ ብርጭቆ የሰበረ ከደመወዙ ይቆረጥበት ነበር። ታናሿ ሳቀችና «አባባ፣ ፌስቡኮቹ ራሳቸው እ.ኤ.አ. በ2014 ትተውታል» አለችኝ። ታዲያ ባለቤቱ የተወውን እናንተ ለምን ትሰቅሉታላችሁ?

ከሁሉ የከነከነኝ ማዕረጉ ነው። እፍኝ የማይሞሉ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም ኃላፊ ነው፣ ካርዱ ላይ «ሄድ ኦፍ» ተብሎ ታትሞለታል። አንዱን «ከሥርህ ስንት ሰው አለ?» ብለው «ገና እንቀጥራለን» አለኝ። ልጆቼ፣ ሹመት ሲሰጣችሁ ደስ ከማለታችሁ በፊት ሕጉን አንብቡ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው ሥራ በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይብለጥ ይላል። ትርፍ ሰዓት የሠራ በአዘቦት ቀን አንድ ተኩል እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75፣ በዕረፍት ቀን ሁለት፣ በበዓል ቀን ሁለት ተኩል እጥፍ ይከፈለዋል። ይኸው አዋጅ ግን የሥራ መሪን አይመለከትም። እርግጥ ካርድ ብቻውን ሰውን የሥራ መሪ አያደርገውም፤ የመቅጠር፣ የማባረር፣ የመወሰን ሥልጣን ሊኖረው ይገባል። ይህን ፍርድ ቤት ቆማችሁ እስክታስረዱ ግን ስንት ሌሊት በነፃ ይሠራል!

ደመወዙ ሲያንስ ደግሞ ሼር አለላችሁ ይባላል። የአሜሪካኖቹ ልማድ ነው አሉ፤ ሙሉውን ለማግኘት 4 ዓመት ይጠበቃል። አንድ ዓመት ሳይሞላው የወጣ ባዶ እጁን ይሄዳል፣ ዓመት የደፈነ ሩቡን ያገኛል፣ የቀረው በየወሩ ይንጠባጠባል። «የምኑ ሩብ?» ብዬ ጠየቅሁ። ኩባንያው ሲሸጥ ይታወቃል አሉኝ። ካልተሸጠስ? ዝም። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ይገባል ወይ ስላቸው ደግሞ በጡረታ የሚኖር ሰው ከነሕይወቱ ያዩ አይመስሉም፤ ትክ ብለው አዩኝ።

ይህን ሁሉ ስል ግን ታናሿ በዚያ ቤት ደስተኛ ናት። የሚገርመኝም ይህ ነው። ትልቁ ከእሷ ይልቅ ጎበዝ ነበር፤ በትምህርትም፣ በትጋትም። ምሥጢሩ የገባኝ አንድ እሑድ ቡና ላይ ስለ ስላክ ስታወራ ነው። ስላክ ዛሬ በየቢሮው መልእክት የሚለዋወጡበት ነው። ሰዎቹ መጀመሪያ ግሊች የሚባል የኢንተርኔት ጨዋታ ይሠሩ ነበር አለች። ጨዋታው አላዋጣ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2012 ዘጉትና እርስ በርስ ለመነጋገር ብለው የሠሯትን መሣሪያ ወደ ገበያ አወጧት። እ.ኤ.አ. በ2021 ሴልስፎርስ ከ27 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ ጠቀለለው። ስትናገር ዓይኗ ይበራል። ትልቁ ሲኒውን አስቀመጠና «ጨዋታውን ሲሠሩ የነበሩትስ ምን ሆኑ?» አላት። አብዛኞቹ ተሰናበቱ። እሷ ይህን እያወቀች ታሪኩ ያስደስታታል፤ እሱ ደግሞ ከታሪኩ ውስጥ የሰማው እነዚያን ብቻ ነው።

ቀጣሪዎቹ ቢጠይቁኝ ፈተና ይሉት ቃለ መጠይቅ ይሉት ሁሉ ይቅርና ለአመልካቹ ይህችን ታሪክ ነግራችሁ ፊቱን እዩት እላቸው ነበር። ነገ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ የሚተኛና እንቅልፍ የሚወስደው ሰው አለ። የአልጋው ልብስ አራቱ ማዕዘን እኩል ካልሆነ የማይተኛም አለ፤ እኔ የኋለኛው ነኝ፣ ትልቁም በእኔ ወጥቷል። በልጅነቱ ጫማውን በመስመር ይደረድር ነበር። እሷ ሬዲዮኔን ፈታታችው፤ እስከ ዛሬ አልተገጠመም። እሷን ንብረት ክፍል ብትቀጥሯት በመጀመሪያው ቆጠራ መጋዘኑ ይጠፋል።

ያናደደኝ ትልቁ ከስታርትአፑ ሲወጣ ዘመድ አዝማዱ ወደቀ ማለቱ ነው። ምኑ ነው የወደቀው? ሕጉ እኮ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ አስቀምጧል፤ ሰው ሁሉ ለአሠሪው ብቻ የተሰጠ ይመስለዋል እንጂ በዚያ ጊዜ ሠራተኛውም ያለ ማስጠንቀቂያ እጅ ነስቶ መውጣት ይችላል። የዋህ ነውና ሰው ምን ይለኛል ብሎ ከሙከራው ወዲያ ሁለት ዓመት ከረመ። አሁን ባንክ ነው፤ ማታ ሂሳቡ ሲገጥምለት ያፏጫል። ያ ስታርትአፕ ግን እሱ ከወጣ ወዲህ ደረሰኙ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለውም። ሁሉም ሯጭ የሆነበት ቤት እንዲህ ነው፤ ይህን ግን ግድግዳ ላይ አይጽፉትም።

ባለፈው ሳምንት ታናሿ መጣችና ሥራ አስኪያጁ ይፈልግዎታል አለችኝ። ለሞተረኞቹ ከገዙት ሄልሜት ግማሹ የገባበት አይታወቅም። «ሄድ ኦፍ ኢንቬንተሪ» ሊያደርገኝ አስቧል። ደመወዙስ ብላት፣ ለጊዜው ሼር ነው፣ 4 ዓመት ሲሞላ ሙሉ በሙሉ የእርስዎ ይሆናል አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ! ለአንድ ዓመት እንኳ ዋስ የሚሆነኝ አጣሁ እኮ። ቁጥርና ቀን ያለው፣ በማህተም የተረጋገጠ ደብዳቤ ይጻፍልኝ፣ ከዚያ አስብበታለሁ አልኳት። ማህተም ገና አላስቀረጽንም አለች።

ደብዳቤው እስኪመጣ በካርቦን የሚጻፍ ደረሰኝ አንድ ሁለት ጥራዝ ላዘጋጅ ብዬ የት እንደሚሸጥ ጠየቅኋት። «ወጥተው አይድከሙ፣ በስልክ ይታዘዛል» አለች።

«ማን ያመጣልኛል?»

«እኛ ነና አባባ! ግን ዛሬ አይደርስም፤ ሞተረኛው ሄልሜት የለውም።»