«ጋሼ» ሲባል ሁለታችንም ዞር እንላለን

ቢሮአችን ውስጥ «ጋሼ» የሚባል ሰው ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ፣ ሌላው ጥበቃው። ሻይ የምታመጣው ልጅ ገና ከደረጃው «ጋሼ፣ ሻይ!» ትላለች። እኔ መነጽሬን አውልቄ፣ ወንበሬን ገፍቼ፣ ጉልበቴን ለምኜ እስክነሣ ጥበቃው ከካሜራ ማያው ተነሥቶ ሁለት ጊዜ ፉት ብሏል። «ልጄ፣ ስሜን ጨምረሽ ጥሪ እንጂ» አልኳት። «ኧረ ጋሼ፣ እርስዎን መሆኑ ካጠራሬ አይታወቅም?» አለችኝ። ካጠራሯ የሚታወቀው ለጥበቃው ብቻ ነው።

ሻዩን እንተወውና ወደ ብስጭቴ ልምጣ። ጡረታ ወጥቼ ቤት ውስጥ የቡና ስኒ ስቆጥር የወንድሜ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ለካፌዎች የትዕዛዝ መቀበያ እየሠራን ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ የሚያውቅ ሽማግሌ አጣን» አለኝ። ሽማግሌ ሲለኝ ባልና ሚስት የማስታርቅ መስሎኝ ጋቢዬን አነሣሁ። ለካስ ነገሩ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ከታች በሲ ፕላስ ፕላስ የሚያስብ ሞተር አለ፤ ከላይ በጃቫ ስክሪፕት የሚለፈልፍ ስክሪን አለ። ሁለቱ አይግባቡም። መካከላቸው የቆመው ኪውት ይባላል፤ ለእንግሊዝ ጆሮ «ቆንጅዬ» ማለት ነው። ቁንጅናውን እስካሁን አላየሁትም።

ኪውትን ሃቫርድ ኖርድና አይሪክ ቻምበ-ኤንግ የሚባሉ ሁለት ኖርዌያውያን ሠርተው በፈረንጆቹ ሜይ 1995 ለሕዝብ ለቀቁት። በዚያው ወር አሜሪካ ውስጥ ብሬንደን አይክ ጃቫ ስክሪፕትን በ10 ቀን ጻፈ። በ10 ቀን! እኛ እንኳ ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ነው ክርስትና የምናነሣው። ሁለቱ ልጆች በየአገራቸው አድገው በ2010 ከኪውት 4.7 ጋር በመጣው ኪው ኤም ኤል በሚባል የስክሪን መጻፊያ ቋንቋ አማካይነት ተጋቡ። እኔ ሠርጉ ላይ አልተጠራሁም፤ የተጠራሁት ለእርቁ ነው።

አንድ ነገር ልግለጽና ወደ ጠቡ እገባለሁ። የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ኮምፓይል ከተደረገ በኋላ የፈንክሽኖቹን ስም ጠይቀህ አታገኝም። ስለዚህ ኪውት ሞክ የሚባል ጸሐፊ ቀጥሯል። ሞክ ኮዱን ቀድሞ ያነብና «ኪው ኢንቮኬብል» የሚል ምልክት ያለበትን ሜተድ (የክላስ ፈንክሽን) ሁሉ ከነአርጊውመንቱ፣ ማለትም ሲጠሩት ከሚሰጡት ነገር ጋር፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ስክሪኑ በስም ሲጣራ የሚገለጠው ያ መዝገብ ነው። መዝገቡ ላይ የሌለ ሜተድ ለስክሪኑ አልተወለደም።

አሁን ጠቡ። አባት ክላሱ «ሂሳብ» ይባላል እንበል። «ጨምር» የሚል ሜተድ አለው፤ የምግቡን ስም ብቻ ትሰጠዋለህ። አንዱ ጎረምሳ ከ«ሂሳብ» የሚወርስ «የጾም ሂሳብ» ሠራ። እሱም የራሱ «ጨምር» አለው፤ ግን ሁለት ነገር ይጠይቃል፦ የምግቡን ስም፣ ደግሞም ደንበኛው በጾም ዓሣ ይበላ አይበላ እንደሆነ። (በዓሣው ጉዳይ ቢሮው ራሱ ለሁለት ተከፍሏል። አልገባበትም።)

ረቡዕ ዕለት አስተናጋጇ «ሽሮ» የሚለውን ነካች። ዝም። ደግማ ነካች። ዝም። ሎጉን ስንከፍተው አርጊውመንት አይበቃም እያለ በእንግሊዝኛ ያጉረመርማል።

«ጋሼ፣ ባለ አንድ አርጊውመንቱ ‹ጨምር› እኮ አባትየው ጋ አለ! ወርሶት የለም እንዴ?» አለኝ ጎረምሳው።

«ወርሶታል። ወርሶም ሸፍኖታል።»

የዴንማርኩ ሰው የቢያርነ ስትሮስትሩፕ ሕግ እንዲህ ነው። ሲ ፕላስ ፕላስ ስም ሲፈልግ ከልጁ ቤት ይጀምራል። ስሙን እዚያ ካገኘ ፍለጋው ያበቃል፤ አርጊውመንቱ ገጠመም አልገጠመ የአባትየውን በር አያንኳኳም። ልጁ አንድ «ጨምር» ካለው የአባቱ «ጨምር» ሁሉ ከዓይን ይሰወራል። እኛ አገር ልጅ የአባቱን ስም ከራሱ አስከትሎ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይዞራል፤ እነሱ ጋ ስሙ ከተመሳሰለ አባት ይቀበራል። ምክንያት የለውም ማለቴ ግን አይደለም፤ ባልወደውም አለው። የልጁን ሜተድ ጠራሁ ብለህ ሳለህ ከአያት ቤት ይበልጥ የሚገጥም አንድ ሽማግሌ ፈንክሽን ሹልክ ብሎ ሥራውን እንዳይነጥቅ ነው። በኪውት 5 ያለው ኪው ኤም ኤልም ይህንኑ ሕግ ነው የሚከተለው፤ ኦቨርሎድ፣ ማለትም ስማቸው አንድ ሆኖ አርጊውመንታቸው የተለያየ ሜተዶች፣ ብሎ የሚቆጥረው እዚያው አንድ ክላስ ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው።

ጎረምሳው ሰነፍ አይደለም። ሲ ፕላስ ፕላስ ለዚህ መድኃኒት እንዳለው አነበበ፤ ልጁ ክላስ ውስጥ «ዩዚንግ» ብለህ የአባትየውን ሜተድ ስትጠቅስ የተሸፈነው ይገለጣል። ጻፈው። ኮምፓይለሩ እሺ አለ። ጎረምሳው በደስታ ማኪያቶ አዘዘ። ስክሪኑ ግን ያው ዝም!

ለምን? ጸሐፊው ሞክ «ዩዚንግ» የሚለውን መስመር ዘሎት ስለሚያልፍ። ውርሱ ፍርድ ቤት ጸድቆ፣ ቤቱ ግን ቀበሌ መዝገብ ላይ በሟቹ ስም የቀረ ቤተሰብ አታውቁም? እኔ ሦስት አውቃለሁ፤ አንደኛው ዘመዴ ነው። ይኼም እንደዚያ ነው። በመጨረሻ ባለ አንድ አርጊውመንቱን «ጨምር» በልጁ ክላስ ውስጥ እንደገና በእጃችን ጻፍን፤ ኪው ኢንቮኬብል አልነው፤ ሥራውም የተቀበለውን ለአባቱ ማቀበል ብቻ ሆነ። ሦስት መስመር። ለሦስት መስመር ሁለት ቀን፤ ሽሮውም በቃል ትዕዛዝ ነበር የሚሸጠው።

ይህ ቀላሉ ነበር፤ ቢያንስ ስህተት አለ ብሎ ያጉረመርማል። እኔን አልጋ ላይ ያዋለኝ ዝም ብሎ የሚመርጠው ነው።

ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን ለይቶ እንደማይጽፍ ታውቃላችሁ። «ገና ይመጣል» ብዬ ብጽፍ፣ ሲላላ የዘገየ እንግዳ ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። «ዶሮው ይበላል» ብል ጥሬ ይሰጠው ይሆናል፣ ወይም ሽንኩርት ይከተፍለታል። አንባቢ ግን አይቸገርም፤ ከፊትና ከኋላ አይቶ ይለያል። ጃቫ ስክሪፕትም ቁጥርን እንደዚሁ ነው የሚጽፈው። ሲ ፕላስ ፕላስ ውስጥ ሙሉ ቁጥር ኢንት አለ፣ ነጥብ ያለው ደብል አለ፣ ሌላም ሌላም አለ። ስክሪኑ ጋ ቁጥር ቁጥር ነው፣ አንድ ዓይነት፣ እሱም በባሕርይው ደብል። (እኛ በጊዜያችን ደብል የምናዘው መጠጥ ቤት ነበር፤ እዚያም ቢሆን ሂሳብ ያሳስት ነበር።) ታዲያ ኢንት የሚቀበልና ደብል የሚቀበል ሁለት ሜተድ በአንድ ስም ቢኖሩ፣ ስክሪኑ 5 ብሎ ሲልክ ማን ይወስደዋል? ኪውት 5 ከፊትና ከኋላ አያይም። የቅድሚያ ዝርዝር አለው፤ ለቁጥር ደብል የፊት ወንበር ላይ ነው፣ ፍሎት ከአጠገቡ፣ ኢንት ከኋላ ረድፍ። 5 ወደ ደብል ሄደ።

«ቅናሽ» የሚል ሜተድ ነበረን፤ ሁለት። ኢንቱ ከሂሳቡ ብር ይቀንሳል። ደብሉ ደግሞ እጅ ይቀንሳል፤ 0.5 ካልከው ግማሹን። አንድ ደንበኛ 120 ብር በላ፤ አምስት ብር ተቀንሶለት 115 ሊከፍል ነው። አስተናጋጇ 5 አስገባች። ማሽኑ አምስት እጅ ቀነሰ። ከ120 ላይ አምስት ጊዜ 120 ስታነሣ ከዜሮ በታች 480 ነው። ደረሰኙ ካፌው ለደንበኛው 480 ብር ዕዳ እንዳለበት አትሞ ወጣ። ደንበኛው አንብቦ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተና «ነገ እመጣለሁ» አለ።

ጮኽሁ። «ሁለት የተለያየ ነገር በአንድ ስም የሚጠራ ምን ዓይነት አእምሮ ነው? ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም ይባል የለ!» እያልኩ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ዞርኩ። የወንድሜ ልጅ ምንም አልመለሰም፤ ጊትን ከፍቶ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ጊት ማን ምን መስመር መቼ እንደጻፈ አይረሳም። የእኔ ስም ነበር። ሁለቱም ላይ።

በዓለም ላይ ብቸኛው ጥፋተኛ ግን እኔ አይደለሁም። ኪውት ራሱ ስፒን ቦክስ በሚባለው የቁጥር ሳጥኑ ላይ «እሴቴ ተለወጠ» የሚለውን ሲግናል በአንድ ስም ሁለት አድርጎ ኖሯል፤ አንዱ ቁጥር ይዞ ይወጣል፣ ሌላው ጽሑፍ። በ5.14 ለጽሑፉ ሌላ ስም አወጡለት፤ በ2020 የወጣው ኪውት 6 ደግሞ መንታውን አስወገደ። የጎ ቋንቋ ሰዎች ይህን ሁሉ ጣጣ አይተው ኦቨርሎድን ከመጀመሪያው በራቸው አላስገቡም። ይህን ለልጆቹ ሁሉ በየተራ ነገርኳቸው። «ታዲያ እርስዎ ለምን ሁለት ‹ቅናሽ› ጻፉ?» ብላ የጠየቀችኝን ልጅ እስካሁን በቅጡ ሰላም አልላትም።

አሁን «ቅናሽ በብር» እና «ቅናሽ በእጅ» ተብለዋል። ስሙ ረዘመ ብለው ይስቃሉ፤ ይሳቁ። ድሉ አሙቆኝ ሻይ የምታመጣውንም ልጅ ጠርቼ አስረዳኋት፦ ስም ብቻውን አይበቃም፣ መለያ ያስፈልገዋል፤ እኔ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ጋሼ ነኝ፣ እሱ ጥበቃው ጋሼ ነው። በደንብ ገባት። በማግስቱ ከደረጃው ጀምራ ጮክ ብላ «የኮምፒውተሩ ጋሼ፣ ሻይ!» አለች።

መነጽሬን አወለቅሁ፣ ወንበሬን ገፋሁ። ጥበቃው ከካሜራው ኮምፒውተር ፊት ተነሣና ብርጭቆውን ተቀበላት።