ሃርድ ዲስኬ ዛሬ ደግሞ ማን ተባለ?

ፊደል ስቆጥር «ሀ» ጠዋትም ማታም «ሀ» ነበረ። የኔታ አርጩሜያቸውን ይዘው «ይህ ማነው?» ሲሉ መልሱ ከሰኞ እስከ ዓርብ አይለወጥም። ገርጂ ቤቴ ያለው ኮምፒውተር ግን ትናንት «ኢ» ያለውን ሃርድ ዲስክ ዛሬ «ኤፍ» ይለዋል፤ ነገ «ጂ» ቢለውስ ማን ከልካይ አለው? ዕቃው ያው፣ ገመዱ ያው፣ ጠረጴዛው ያው። ስምንተኛው ሺህ ሲሉ ሌላ ነገር ይመስለኝ ነበር!

ዲስኩ ደግሞ የሚቀለድበት አይደለም። የልጆቼ ሠርግ አለበት፤ አሜሪካ የተወለዱት የልጅ ልጆቼ ክርስትና አለበት፤ ከካሴት ያስገለበጥኳቸው የጥላሁን ገሠሠና የብዙነሽ በቀለ ዘፈኖች አሉበት። ዘፈኖቹን ደስ እንዳለኝ በዝርዝር አሰልፌ፣ ዝርዝሩም «ኢ» ውስጥ እንዲፈልጋቸው ሆኖ ተቀምጧል። ቡና እስኪፈላ ልስማ ብዬ ስነካው «ፋይሉ አልተገኘም» ይለኛል። እንዴት አይገኝም? መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ እፊቴ ተጎልቶ!

ጉዱን የሚያመጣው ፍላሹ ነው። ያ የልጅ ልጄ መገናኛ ፊልም አስጭኖበት ይመጣና እንደተሰካ ጥሎት ወደ ኳሱ ይሮጣል። ዊንዶውስ ደግሞ አዲስ ለመጣ ዕቃ ካልተያዙት ፊደላት የመጀመሪያውን ያድላል። በእርግጥ የኔን ዲስክ አይረሳውም፤ «ሬጅስትሪ» በሚለው መዝገቡ ላይ ጽፎታል። ግን ፊደሉን በፍላሹ ተይዞ ካገኘው፣ ይቅርታ እንኳ ሳይል ወደሚቀጥለው ይገፋዋል። ሚሞሪ ካርድ ማንበቢያ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነማ፣ ባዶ ቀዳዳዎቹ ሳይቀሩ ፊደል ይዘው ይቀመጣሉ።

ያሉት 26 ፊደላት ብቻ መሆናቸው ሳያንስ፣ ሁለቱ ለሙታን ተጠብቀዋል። በ1981 (በእነሱ አቆጣጠር) የወጣው የአይቢኤም ኮምፒውተር የሚሠራው በፍሎፒ ስለነበር «ኤ» እና «ቢ» ለፍሎፒ ተሰጡ። በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው ሲመጣ «ሲ» ተባለ። ይዞታው 10 ሜጋባይት ነበር፤ ዛሬ የልጆቹ ስልክ የሚያነሣቸውን ሁለት ሦስት ፎቶዎች ቢይዝ ነው። ፍሎፒው ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ኮምፒውተሩ ግን ዛሬም ከ«ሲ» ይጀምራል። 231 ሆሄ ያለን እኛ ብንጠየቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ግፊያ ባልመጣ።

የሰፈሩን ባለሙያ ባስጠራ፣ ገና ከበሩ «ጋሼ፣ ፎርማት ይፈልጋል» አለኝ። ቁጭ እንኳ አላለም! ኮምፒውተር ተንቀራፈፈ፣ ፎርማት። ድምፅ ጠፋ፣ ፎርማት። የልጆቼን ሠርግ አጥፍቶ ለኔ ፊደል ሊያስተካክልልኝ! በቡና ሸኘሁት።

መድኃኒቱ ፎርማትም ገንዘብም አይጠይቅም። ዲስኩን ሰክቶ፣ «ስታርት» ላይ በቀኝ ጠቅ አድርጎ «ዲስክ ማኔጅመንት»ን መክፈት ነው። እዚያ የራስን ዲስክ በስሙና በመጠኑ ለይቶ፣ በቀኝ ጠቅ አድርጎ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ» የሚለውን መምረጥ። ከዚያ ፍላሽ የማይደርስበት ሩቅ ፊደል መስጠት፦ «ፒ» ይሁን «ኤክስ»። ዝርዝሩንም አንዴ በአዲሱ ፊደል ማስተካከል ነው። «ሲ»ን ግን አትንኩ፤ ዊንዶውሱ ራሱ የሚኖረው እዚያ ነው። ፊደል ጭራሽ ሳይሰጠው ቀርቶ «ጠፋ» የተባለም ዲስክ ብዙ ጊዜ እዚሁ ይገኛል፤ ፊደል ሲሰጡት ከነንብረቱ ብቅ ይላል።

ይህ ፊደል ግን የዲስኩ አይደለም፣ የኮምፒውተሩ ነው። ሲኤምሲ ልጄ ቤት ወስጄ ብሰካው እዚያ ሌላ ፊደል ይሰጠዋል። ከዲስኩ ጋር የሚዞረው በላዩ የሚጻፈው ስም ነው። የቦሌ መንገድ በወረቀት «አፍሪካ ጎዳና» ነው፤ የታክሲ ረዳት ግን «ቦሌ! ቦሌ!» እንጂ ሌላ ሲጣራ ሰምታችኋል? ሰው የሚደርሰው በሚያውቀው ስም ነው። ስለዚህ ዲስኩ ላይ በቀኝ ጠቅ፣ «ሪኔም»። በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ከሆነ እስከ 32 ሆሄ ይቀበላል፤ የኛንም ፊደል አይጠየፍም። የኔን «የአያት ንብረት» ብዬዋለሁ። ያ ልጅ አንብቦ ሳቀ፤ ይሳቅ።

እናንተ ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ኮምፒውተሩ «ዲስኩን ፎርማት ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ «እሺ» አትበሉት፤ «ካንስል» ብላችሁ መጀመሪያ ዲስክ ማኔጅመንትን እዩ። ፍላሻችሁንም ስትጨርሱ ንቀሉ።